የቤት ኮርድለስ ስልክና መልዕክት መቀበያ፦ ባሕር ዳር ላይ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሞባይል በየኪሱ ገብቶም የቤት ስልካቸውን ያላስነቀሉ ሰዎች ባሕር ዳር ውስጥ አሉ። ብዙውን ጊዜ ቤቱ ውስጥ እናት፣ አባት ወይም አያት አሉ። የእነሱ ሞባይል ቻርጁ ያልቃል፣ ቦርሳ ውስጥ ይረሳል፣ ድምፁ ሳያውቁት ይጠፋል። በ058 የሚጀምረው ቁጥር ግን ከቦታው አይነቃነቅም። ውጭ አገር ያለው ልጅም ጎንደር ያለው ወንድምም በቃሉ ይዞታል። ይህ ስልክ የቤተሰብ ነው። በወጉ ሊተከል፣ ሰው ቤት ባይኖር እንኳ የደዋዩን ቃል ሊያስቀር ይገባል ብዬ አምናለሁ። ከታች ያሉት ከጎረቤት፣ ከዘመድና ሐይቁ ዳር ፔንሲዮን ከሚያስተዳድሩ ሰዎች ደጋግመው የሚመጡ ጥያቄዎች ናቸው።

ኮርድለስ የሚባለው ያ ሲም ካርድ የሚገባበት የቤት ስልክ ነው?

አይደለም። ሁለቱ ይምታታሉ። ሲም የሚገባበት ስልክ መልኩ የጠረጴዛ ስልክ ቢሆንም ሥራው የሞባይል ነው። በቀጥታ ከቴሌ አንቴና ጋር ይገናኛል፤ የግድግዳ መስመር አይፈልግም። ኮርድለስ ግን በመደበኛው የስልክ መስመር ላይ የሚሰካ መቀመጫ አለው። ገመድ የሌለው በመቀመጫውና በእጀታው መካከል ብቻ ነው። መስመሩ ከተቆረጠ ኮርድለሱም ዝም ይላል። ይህ ገጽ የሚያወራው ስለ ሁለተኛው ነው።

እህቴ ከአሜሪካ ኮርድለስ ልትልክልኝ ነው። እዚህ ይሠራል?

ከመላኳ በፊት ሁለት ነገር ንገሯት።

የመጀመሪያው የመብራቱ ጉዳይ ነው። የአሜሪካ ግድግዳ 120 ቮልት ነው፤ የእኛ 220። አንዳንዱ አዳፕተር ከ100 እስከ 240 ቮልት ይቀበላል። ጀርባው ላይ ተጽፎበታል፤ አንብቡት። 120 ብቻ የሚል ከሆነ ግን በሶኬት መቀየሪያ መሰካት ማለት ማቃጠል ማለት ነው። መቀየሪያው የእግሩን ቅርፅ እንጂ ቮልቱን አይለውጥም። ቮልቱን የሚቀንስ ትራንስፎርመር ያስፈልጋል።

ሁለተኛውን ብዙ ሰው አያውቀውም። የዛሬዎቹ ኮርድለሶች አብዛኞቹ የሚነጋገሩት ዴክት በሚባል አሠራር ነው። የአውሮፓው ዴክት የሚሠራው ከ1880 እስከ 1900 ሜጋኸርዝ ባለው ሞገድ ነው። አሜሪካ የሚሸጠውና ካርቶኑ ላይ ዴክት 6.0 ተብሎ የሚጻፍበት ግን ከ1920 እስከ 1930 ሜጋኸርዝ ላይ ነው። ይህ ደግሞ 3ጂ ሞባይሎች በ2100 ባንድ ወደ አንቴናው ከሚልኩበት ሞገድ መነሻ ጋር ይደራረባል። ስለዚህ ኮርድለሱ ቤት ውስጥ ጥሩ እየሠራ የሰፈሩን ኔትወርክ ሊረብሽ ይችላል። እናንተ አታውቁትም፤ ጎረቤት ግን ኔትወርክ ተቆራረጠብኝ ይላል።

ምክሬ ግልጽ ነው፤ ከአሜሪካ አታስመጡ። አውሮፓ ወይም ዱባይ ዘመድ ካለ ከዚያ ይምጣ። ካልሆነም እዚሁ ከኤሌክትሮኒክስ ቤት ግዙ፤ ካርቶኑን ግን አንብቡ። ከእንግሊዝ የሚመጣው በቮልትም በሞገድም ይስማማል። ሶኬቱ ባለ ሦስት እግር ነው፤ በስልክ መስመሩ በኩል ያለው ጫፍም ከእኛው ይለያል። ለሁለቱም መቀየሪያ አዘጋጁ።

ያገለገለ ስልክ ካገኛችሁ 2.4 ጊጋኸርዝ የሚል እንዳይሆን ተጠንቀቁ። ዋይፋይና ማይክሮዌቭ በዚያው ሞገድ ይሠራሉ። ወጥ ሲሞቅ ወሬው ይንኮሻኮሻል።

መብራት ሲጠፋ ኮርድለሱ ለምን ይሞታል? የድሮው ስልክ እኮ ይሠራ ነበር።

የድሮው ባለገመድ ስልክ ኃይሉን የሚያገኘው ከቴሌ ጣቢያ ነው። በዚያው በመዳብ ሽቦው 48 ቮልት ገደማ ይመጣለታል። ጣቢያው የራሱ ባትሪ ስላለው ሰፈሩ በሙሉ ጨለማ ሆኖም ስልኩ ይጮኻል። የኮርድለስ መቀመጫ ግን ከግድግዳው መብራት ውጭ ሌላ ኃይል የለውም። እጀታው ባትሪ ስላለው ይበራል፤ ሰውም ስልኩ የሚሠራ ይመስለዋል። መቀመጫው ከጠፋ በኋላ ግን እጀታው የሚያነጋግረው የለም።

መፍትሔው ርካሽ ነው፤ ባለገመዱን ስልክ አትጣሉት። ከአንድ መስመር ለሁለት ስልክ የሚያካፍል ትንሽ ማከፋፈያ ገዝታችሁ ሁለቱንም ሰኩ። ኮርድለሱ ሳሎን ይሁን፤ ባለገመዱ እናት ወይም አባት የሚተኙበት ክፍል፣ እጅ የሚደርስበት ቦታ። ሌሊት መብራት በጠፋበት ሰዓት የታመመ ሰው ጨለማ ውስጥ ሞባይል ሲፈልግ ማሰብ አልወድም። ኮርድለስ ብቻውን ያለበት ቤት ስልክ አለው ለማለት ይከብደኛል።

ባለገመዱም ስልክ ግን ዓይነቱን ምረጡ። ቁጥር የሚያሳይ ሰሌዳና ድምፅ ማጉያ ያለው ስልክ አንዳንዱ አዳፕተር ይፈልጋል። ለዚህ ሥራ የሚሻለው ያ ምንም የሌለበት ተራ ስልክ ነው።

ቤታችን ፋይበር ገብቷል። ያው ነው?

አይደለም፤ ይህን ልብ በሉ። ፋይበር ብርሃን እንጂ ኤሌክትሪክ አያመጣም። የቤት ስልካችሁ የሚሰካው በፋይበር ሞደሙ ጀርባ ከሆነ መብራት ሲጠፋ ሞደሙ ይጠፋል፤ ባለገመዱም ስልክ አብሮ ይሞታል። ያለው አማራጭ ሞደሙን በሚኒ ዩፒኤስ፣ ማለትም መብራት ሲጠፋ ኃይል በሚሰጥ ትንሽ ባትሪ፣ ማቆየት ነው። አብዛኞቹ ሞደሞች 12 ቮልት ናቸው። የእናንተንም ከአዳፕተሩ ላይ አንብቡና ከዚያ ጋር የሚገጥም ግዙ።

የኮርድለሱን መቀመጫም በዚያው ልሰካ ብላችሁ ግን አትቸኩሉ። የእሱ ቮልት ከሞደሙ ያነሰ ነው፤ ብዙ ጊዜ 6 ቮልት አካባቢ። ቀዳዳው ስለገጠመ ብቻ 12 ብትሰጡት ይቃጠላል።

መቀመጫውን የት ላስቀምጠው? ጓሮ ስወጣ ይቆራረጣል።

መመሪያ ደብተሮቹ ቤት ውስጥ እስከ 50 ሜትር፣ ሜዳ ላይ እስከ 300 ሜትር ይላሉ። እውነቱ የሚወሰነው በግድግዳው ነው። ብሎኬትና የድንጋይ ግንብ ሞገዱን ይቀንሱታል። ቆርቆሮና የብረት በር ደግሞ ይመልሱታል። ማድ ቤቱ ወይም ሰርቪሱ በቆርቆሮ የተከበበ ከሆነ እጀታው እዚያ ሲገባ ቢጠፋ አይግረማችሁ።

መቀመጫውን ከወለል ከፍ አድርጉት፤ መስኮት አጠገብ፣ ወደምትመላለሱበት በኩል። ከቴሌቪዥን ጀርባ፣ ከፍሪጅ ላይና ከዋይፋዩ ጎን አርቁት። የመስመሩ መውጫ ጥግ ላይ ከሆነ መቀመጫውን ጥግ አትቅበሩት። ረዘም ያለ የስልክ ገመድ ገዝቶ ወደ መሃል ማምጣት ይቀላል።

ሽምብጥ በኩል፣ ውኃው አጠገብ ያለ ግቢ ያላቸው ሰዎች እጀታውን ይዤ ሐይቁ ዳር መቀመጥ እችላለሁ ወይ ይሉኛል። መስኮት አጠገብ ካስቀመጡትና መሃል ላይ ግንብ ከሌለ ብዙ ጊዜ ይቻላል። ጀልባ ላይ ግን አትሳፈሩበት፤ ጥቂት እንደራቃችሁ ይቆረጣል። ውኃ ውስጥ ከወደቀ ወዲያው ባትሪውን አውጡ። ከፍታችሁ ጥላ ውስጥ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ ለጥቂት ቀናት ይድረቅ። ሳይደርቅ መቀመጫው ላይ አትመልሱት።

ባትሪው ቶሎ ቶሎ ያልቃል። የሬዲዮ ባትሪ ድንጋይ ላስገባበት?

በፍጹም። መጠኑ አንድ ዓይነት ስለሆነ ይገባል፤ አደጋው እዚያ ላይ ነው። የኮርድለስ እጀታ መቀመጫው ላይ በተቀመጠ ቁጥር ባትሪውን ይሞላል። ተራው ድንጋይ ለመሞላት አልተሠራም፤ ይፈስሳል፣ አልፎም ይፈነዳል። የሚያስፈልገው የሚሞላ የኒኬል ሜታል ሃይድራይድ ባትሪ ነው። አንዱ 1.2 ቮልት ነው፤ አብዛኛው እጀታ ቀጫጭኖቹን ሁለት ይወስዳል። ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ቀይሩ፤ አሮጌና አዲስ አትቀላቅሉ። አዲስ ሲገባ ሳታነሱት ሌሊቱን ሙሉ ይሞላ።

ባትሪው ከሁለት ሦስት ዓመት በኋላ ቢደክም የተለመደ ነው። ከመግዛታችሁ በፊት ግን ከእጀታው ሥርና መቀመጫው ላይ ያሉትን የብረት ነጥቦች እዩ። የሐይቁ ዳር እርጥበት ያዝጋቸዋል፣ ያጠቁራቸዋል። አዳፕተሩን ነቅላችሁ በላጲስ ፈግፍጉ፣ በደረቅ ጨርቅ ጥረጉ። አንዳንዴ የሞተ የመሰለው ባትሪ በዚህ ብቻ ይነሳል። አሮጌዎቹን ባትሪዎች ከቆሻሻ ጋር አታቃጥሉ፤ ወደ ጣናም አትጣሉ። የድሮዎቹ ካድሚየም አለባቸው፤ መርዝ ነው።

ክረምት ላይ ነጎድጓድ ሲያይል ምን ላድርግ?

ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ይህን ልማድ አድርጉት። ሰማዩ ሲጠቁር፣ ነጎድጓዱ ገና ሩቅ እያለ፣ ሁለት ገመድ ንቀሉ፤ የመብራቱንም የስልክ መስመሩንም። ብዙ ሰው አዳፕተሩን ብቻ ይነቅልና በስልኩ ሽቦ የመጣው ኃይል መቀመጫውን ያቃጥለዋል። ዲቫይደር ላይ ማጥፋትም አይበቃም።

የግድ መነጋገር ካለባችሁ ለሰውየው ጤና ከባለገመዱ የኮርድለሱ እጀታ ይሻላል። ጆሮውን ከመስመሩ ጋር የሚያገናኝ ሽቦ የለውማ። መብረቅ እየወረደ ባለገመድ ስልክ ማንሳት ግን እውነተኛ አደጋ ነው። ወላጆቻችሁ ይህን አውቀው እንዲተዉት ንገሯቸው።

የመልዕክት መቀበያ ማሽንና ቮይስ ሜይል ልዩነታቸው ምንድን ነው? ለእናቴ ቤት የቱ ይሻላል?

ማሽኑ ቤት ውስጥ ነው። ብዙ ኮርድለሶች መቀመጫው ውስጥ አብሮ ተሠርቶላቸዋል፤ የፓናሶኒክም የሌሎችም እንዲህ ያለ ሞዴል አለ። ስልኩ ካልተነሳ ራሱ ያነሳል፣ የቀዳችሁትን ሰላምታ ያሰማል፣ የደዋዩን ድምፅ ይቀዳል። ቮይስ ሜይል ግን መልዕክቱ የሚቀመጠው ኔትወርኩ ዘንድ ነው። ለማዳመጥ ቁጥር ይደወላል፣ የሚስጥር ቁጥር ይገባል፣ ለዚህ 1፣ ለዚያ 2 እየተባለ ይሄዳል።

ቮይስ ሜይል የራሱ ብልጫ አለው። መብራት ቢጠፋም፣ መስመሩ ቢያዝም ይቀበላል። ማሽኑ ሁለቱንም አይችልም። ስልኩ ላይ እያወራችሁ ሌላ ሰው ቢደውል ማሽኑ አያውቀውም።

ያም ሆኖ ለእናት ቤት ማሽኑን እመርጣለሁ፤ ይህንን በሙሉ ልብ ነው የምለው። እናት ከገበያ ወይም ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ አንድ መብራት ብልጭ ድርግም እያለ ይጠብቃቸዋል። አንዲት ቁልፍ ሲጫኑ የልጃቸው ድምፅ ክፍሉን ይሞላዋል። ቁጥር መደወል የለ፣ የሚስጥር ቁጥር የለ፣ መነጽር መፈለግ የለ። ቴሌግራምና ዋትስአፕ ለሚችል ሰው ጥሩ ናቸው፤ ስማርት ስልክ ለማይዙ እናት ግን አይደርሱም። ደጋግመው ማዳመጥ ከፈለጉም ደጋግመው ይጫኑ፤ ሂሳብ አይቆጥርም። የምትጫነዋ ቁልፍ ላይ ቀይ ፕላስተር ለጥፉላቸው። የመደምሰሻዋን ቁልፍ ደግሞ በወፍራም ፕላስተር ሸፍኑ። ይህች ትንሽ ነገር ብዙ መልዕክት አድናለች።

ቮይስ ሜይሉን የምትመርጡ ከሆነ ለመደበኛ ስልካችሁ መኖሩንና ሂሳቡን 994 ደውላችሁ ወይም በአቅራቢያችሁ ያለ የኢትዮ ቴሌኮም የአገልግሎት ማዕከል ሄዳችሁ ጠይቁ።

ሰላምታው ላይ ምን ብዬ ልቅዳ? ሰዎች ማሽን ሲሰሙ ይዘጋሉ።

ይዘጋሉ፤ አዎ። ፋብሪካው ሞልቶት የመጣው የእንግሊዝኛ ድምፅ ከሆነማ ማን ይናገራል? አማርኛ ቅዱ፤ ደዋዮቹ በሚያውቁት ድምፅ። የቤቱ ባለቤት ራሳቸው ወይም ሁሉም የሚያውቀው ልጅ ይናገር። መጀመሪያውኑ ማሽን መሆኑን ንገሩ። አለበለዚያ ትልልቅ ሰዎች ከሰላምታው ጋር ሰላምታ ይለዋወጣሉ፤ ጢጥ ሲል ደግሞ ተቆረጠ ብለው ይዘጋሉ። ለምሳሌ እንዲህ ይሁን፦

«ጤና ይስጥልኝ። ይህ የተቀዳ ድምፅ ነው። አሁን ስልኩ አጠገብ የለንም። ጢጥ ሲል ስምዎንና የደወሉበትን ጉዳይ ይናገሩ፤ ድምፅዎ ይቀመጣል፤ መጥተን እንሰማዋለን።»

«ድምፅዎ ይቀመጣል» የሚለው ለማያውቅ ሰው ልብ ይሰጣል። ቤተሰቡ አገር ቤት ሄዷል፣ እስከ እሁድ አንመለስም የሚል ነገር ግን አትቅዱ። ቤቱ ባዶ መሆኑን ለማንም መንገር ነው።

ፔንሲዮን ያላችሁ ሰዎች ደግሞ ከአማርኛው ቀጥላችሁ በእንግሊዝኛ አንድ ዓረፍተ ነገር ጨምሩ። ወደ ገዳማቱ በጀልባ መሄድ የሚፈልግ እንግዳ የሚደውለው ብዙ ጊዜ በማለዳ ነው። ስሙን፣ የሰውን ብዛትና መልሳችሁ የምትደውሉበትን ቁጥር እንዲተው በሰላምታው ውስጥ ጠይቁት። ካልጠየቃችሁት «ነገ እንመጣለን» ብሎ ይዘጋል፤ ማን እንደሆነ አይታወቅም።

መልዕክቱ መሃል ላይ ይቆረጣል። ለምን?

እኛ ሰላምታ እናስረዝማለን። «እንደምን ናችሁ፣ ደህና ናችሁ ወይ፣ ልጆቹስ፣ ከብቶቹስ፣ ክረምቱ እንዴት ነው» ተብሎ ሳያልቅ አንድ ደቂቃው ሞላ። ብዙ ማሽኖች ላይ የአንድ መልዕክት ርዝመት 1 ደቂቃ ወይም 3 ደቂቃ ተብሎ ይመረጣል። 3 አድርጉት። ሰላምታውን አሳጥሩ ብሎ ዘመድን ከመምከር ማሽኑን ማስተካከል ይሻላል።

ሌላው ዝምታ ነው። ደዋዩ ለጥቂት ሰከንድ ዝም ካለ ማሽኑ የጨረሰ ይመስለዋልና ይዘጋል። ሦስተኛው መሙላት ነው። ጠቅላላ መያዣው እንደ ሞዴሉ ይለያያል፤ 20 ደቂቃ እንኳ የማይሞላ አለ። የተሰማውን ካልደመሰሳችሁ ይሞላና መቀበል ያቆማል።

ማሽኑ ስንት ጊዜ ከጠራ በኋላ እንደሚያነሳም አስተካክሉ። ጉልበታቸውን ለሚያማቸው ሰው ሦስት ጥሪ አይበቃም። ስድስት ወይም ሰባት አድርጉላቸው፤ ተነስተው ሳይደርሱ ማሽኑ እንዳይቀድማቸው።

መልዕክቱ የመጣበት ሰዓት የተሳሳተ ነው። 14፡30 ይላል።

አልተሳሳተም፤ የፈረንጅ ሰዓት ነው። 6 ቀንሱለት፤ ከቀኑ 8፡30 ነው። 20፡15 ካለ ከምሽቱ 2፡15።

መቀነሱ ለወላጆች ከከበደ ማሽኑን በእኛ ሰዓት መሙላት ይቻላል። ባለ 12 ሰዓት አቆጣጠር ምረጡና ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ 3፡00 ኤኤም ብላችሁ ሙሉ። ከዚያ ወዲያ ኤኤም ያለው ሁሉ ቀን ነው፣ ፒኤም ያለው ሁሉ ሌሊት። ዕለቱም የሚለወጠው በእኩለ ሌሊት ሳይሆን ሲነጋ 12 ሰዓት ላይ ይሆናል። ይህን ያደረግንለት ቤት ሁሉ ወዶታል።

አንድ ነገር ግን አለ። የደዋይ ቁጥር የሚያሳይ መስመር ከሆነ አንዳንድ ስልክ ከጥሪው ጋር የመጣውን ሰዓት ተቀብሎ ራሱን ያስተካክላል፤ የእናንተን ያፈርሰዋል። ሜኑው ውስጥ የሰዓት ማስተካከያ የሚለውን ፈልጋችሁ በእጅ የሚለውን ምረጡ።

አዲስ አበባ ሆኜ ቤት የተቀመጠውን መልዕክት መስማት እችላለሁ?

ብዙዎቹ ማሽኖች ይህን ይችላሉ። ቤት ትደውላላችሁ፤ ማሽኑ አንስቶ ሰላምታውን ሲያሰማ የሚስጥር ቁጥሩን ትጫናላችሁ፤ መልዕክቶቹን ያሰማችኋል። ቁጥሩን አስቀድማችሁ ቤት ሳላችሁ መሙላት አለባችሁ። ከፋብሪካው የመጣውን፣ ለምሳሌ 0000ን፣ እንዳለ አትተዉት። ማንም ሰው ሞክሮ የቤታችሁን ወሬ ይሰማል።

አንዳንዱ ማሽን ደግሞ ገንዘብ የሚያድን ዘዴ አለው። አዲስ መልዕክት ካለ በሁለተኛው ጥሪ ያነሳል፤ ከሌለ ቆይቶ ነው የሚያነሳው። ከውጭ አገር የምትደውሉ ከሆነ ሦስተኛውን ጥሪ ስትሰሙ ዝጉ፤ አዲስ ነገር የለም ማለት ነው፤ ሂሳብም አይቆጥርባችሁም።

የአባቴ ሞባይል ሲጠፋ ጥሪው ወደ ቤት ስልክ እንዲሄድ ማድረግ ይቻላል?

ይቻላል፤ እኔም በጣም የምወደው ዘዴ ነው። ከእሳቸው ሞባይል ላይ ሁለት ጊዜ ኮከብ፣ 62፣ ኮከብ፣ በ058 የሚጀምረው የቤት ቁጥር፣ ከዚያ መሰላል ተጭናችሁ ደውሉ። ይህ ሞባይሉ ሲጠፋ ወይም ኔትወርክ ሲያጣ ነው። ሲጠራ ካልተነሳ እንዲያልፍ ከፈለጋችሁ በ62 ፋንታ 61 ነው። ለመሰረዝ ሁለት ጊዜ መሰላል፣ ቁጥሩን 62 ወይም 61፣ ከዚያ መሰላል። ቤት ሰው ከሌለ ማሽኑ ይቀበላል፤ ሞባይሉ ቮይስ ሜይል ያገኘ ያህል ነው። የተላለፈው ጥሪ ሂሳብ ግን በተለምዶ የሚያርፈው ባስተላለፈው ሞባይል ላይ ነው።

በካሴት የሚሠራ አሮጌ ማሽን አለን። የአባታችን ድምፅ አለበት። እንዴት እናድነው?

ይህ ጥያቄ ሲመጣ ሌላውን ሁሉ አስቀምጬ እመልሳለሁ። መጀመሪያ ካሴቱን ከማሽኑ አውጡት። እዚያው እስካለ ድረስ አንድ ጥሪ መጥቶ ሊቀዳበት ይችላል። ሌላ የማያስፈልግ ካሴት አስገብታችሁ ማሽኑ ሳይጎትት፣ ሳይበላ የሚያዞር መሆኑን ፈትሹ። ከሆነ የስልክ መስመሩን ነቅላችሁ ዋናውን አስገቡ። ጸጥ ያለ ክፍል ውስጥ ሞባይላችሁን ድምፅ ማውጫው አጠገብ አድርጋችሁ ቅዱ። ቅጂውን ለወንድም ለእህት ላኩ፤ በአንድ ስልክ ላይ ብቻ አይቅር። ካሴቱን ከፀሐይና ከእርጥበት አርቃችሁ አስቀምጡ፤ ከድምፅ ማጉያና ከማግኔትም አርቁት። ካሴት ድምፅ የሚይዘው በማግኔት ነው። ይህን መንገድ መጀመሪያ ያወጣው ዴንማርካዊው ቫልዴማር ፖልሰን በ1898 እ.ኤ.አ. ነበር፤ ካሰባቸው ጥቅሞች አንዱም የስልክ መልዕክት መቅዳት ነው።

ካሴት የሌላቸው ማሽኖችም ላይ ተጠንቀቁ። አዳዲሶቹ መብራት ቢጠፋም ድምፁን ይይዛሉ። ከድሮዎቹ መካከል ግን ከውስጥ በትንሽ ባትሪ የሚይዙ አሉ፤ ባትሪው ካለቀ መብራት በጠፋ ቀን መልዕክቱ ሁሉ ይጠፋል። እንዲህ ያለ ማሽን ካላችሁ፣ ሳትነቅሉት፣ ዛሬ ቅዱት።

ኮርድለስ ጤና ይጎዳል? ጎረቤትስ ይሰማናል?

የዴክት ስልክ ሲልክ ከፍተኛው ኃይሉ 250 ሚሊዋት ነው፤ አማካዩ ግን 10 ሚሊዋት ገደማ ብቻ። የ900 ባንድ የጂኤስኤም ሞባይል ከፍተኛው 2 ዋት ይደርሳል። ሞባይል ከያዛችሁ ለኮርድለሱ የተለየ ስጋት አይኑራችሁ። መቀመጫውን አልጋ ራስጌ አለማድረግ ግን ምንም አያስከፍልም።

መሰማትን በተመለከተ፣ አንቴና የሚጎተትላቸው የድሮ አናሎግ ኮርድለሶች በተራ የሬዲዮ መቀበያ ሊሰሙ ይችላሉ። የባንክ ነገር አታውሩባቸው። ዴክት በጣም ይሻላል።

አንድ መቀመጫ ስንት እጀታ ይይዛል?

እንደ ሞዴሉ አራት ወይም ስድስት። አዲሱን ለማስተዋወቅ መቀመጫው ላይ ያለውን እጀታ መፈለጊያ ቁልፍ ለጥቂት ሰከንድ ተጭኖ መያዝ፣ ከዚያ እጀታው ላይ መመዝገቢያ የሚለውን መምረጥ ነው። ያችው ቁልፍ ለአጭር ጊዜ ስትጫን ትራስ ሥር የጠፋውን እጀታ ታስጮኻለች።

ስልኩ ይንሿሿል ወይም ጨርሶ ድምፅ የለውም። ጥፋቱ የማን ነው፤ የስልኩ ወይስ የመስመሩ?

ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ለዩት። ሁሉንም ስልክ፣ ማከፋፈያና ሞደም ንቀሉ። ባለገመዱን ተራ ስልክ ብቻ ከግድግዳው በቀጥታ ሰኩ። ድምፁ ጥርት ካለ መስመሩ ደህና ነው። አንድ በአንድ እየመለሳችሁ የሚያበላሸውን ያዙት። በመዳብ መስመር ኢንተርኔት ካላችሁ መጀመሪያ የምትጠረጥሩት ማጣሪያውን ይሁን፤ በመስመሩና በስልኩ መካከል የምትሰካውን፣ የኢንተርኔቱን ድምፅ ከስልኩ የምትለየውን ትንሽ ዕቃ። ድምፅ የሚሄደው ከ4 ኪሎኸርዝ በታች ነው፤ ኢንተርኔቱ ከዚያ በላይ ባለው። ያለ ማጣሪያ የተሰካ ስልክ ሁሉ የኢንተርኔቱን ሽውታ ይሰማል። ማሽኑም ሆነ ሁለተኛው ስልክ ለየራሳቸው ማጣሪያ ይፈልጋሉ።

ተራው ስልክ ብቻውን ተሰክቶም ከተንሿሿ ጥፋቱ ከእናንተ ስልክ አይደለም። ከዝናብ በኋላ የሚብስ ከሆነ ደግሞ ውጭ ያለው መጋጠሚያ ውኃ ገብቶበት ይሆናል። ከሞባይል 994 ደውሉና ቁጥሩን ከ058 ጀምራችሁ ንገሩ። በተራ ስልክ ከግድግዳው በቀጥታ እንደሞከራችሁት፣ ሲዘንብ እንደሚብስም አስመዝግቡ። ቴክኒሻኑ በሚመጣበት ቀን ተራው ስልክ እንደተሰካ ይቆይ።